ሴቭ ያላደረግሁት አንቀጽ

ያን ቅዳሜ ጠዋት አባየ ኑዛዜያቸውን እያስጻፉኝ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ባትሪ የለው፣ ትዕግሥት የለው። ምስክሮቹ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ።

ዱርቤቴ ያለው መሬት ለወንድሜ፣ ቤቱ ለሁለታችን እኩል። እስከዚህ ድረስ ፈጠን ፈጠን ብለው ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ማየት የተሳናቸውን ዓይኖቻቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ጻፊ" አሉኝ። "ሴት ልጄን እናቷን እንድታስታምም ብዬ ከኮሌጅ አስወጥቻታለሁ። ወንድሟን ግን አላስወጣሁትም። በድያታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ።"

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል! እኒህ ሰው እኮ የፋብሪካ መካኒክ ሳሉ ለአለቃቸው እንኳ ይቅርታ ብለው አያውቁም። ቃል በቃል ጻፍሁት። ሴቭ ልል ስጫን ሜሞሪ አንሷል የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለና ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። አንዲት ፊደል አትታይም። አባየ ግን "ጨርሻለሁ" ብለው በዱላቸው እየዳበሱ ወደ መኝታቸው ገብተዋል።

ኢንተርኔት የለ፣ የት ገብቼ ልፈልግ? ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ደወልሁ።

"ቨርቹዋል ሜሞሪውን ከፍ አድርጊው" አለኝ። "ከሃርድ ዲስኩ ባዶ ቦታ ትቆርሺና ለሜሞሪው ታውሺዋለሽ።" የት የት እንደምጫን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ኮምፒውተሩ እየተንፏቀቀም ቢሆን ታዘዘልኝ። መጨረሻ ላይ "በይ አሁን አጥፍተሽ አብሪው፤ ያለዚያ አይሠራም" አለ።

"የጻፍሁትስ?"

"ሴቭ ካላደረግሽው እንግዲህ ምን ይደረጋል።"

ጉድ ፈላ! ካላጠፋሁት አይሠራ፤ ካጠፋሁት ቃሉ ይሄዳል። ምናልባት ራሱ ይነቃ ይሆናል ብዬ ወንበሬ ላይ ተሰፍቼ ቀረሁ። መብራት እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ምድጃ እንኳ አልሰካሁም። ሰው ሁሉ ቅዳሜውን ወደ ከተማችን ሐይቅ ዳር ወጥቷል፤ ነፋሱ መጋረጃውን እያወዛወዘ ይመጣብኛል። የዚያን አንቀጽ እያንዳንዷን ቃል በቃሌ ይዣታለሁ። ግን ከራሴ አውጥቼ ብጽፈው፣ ራሴው ለራሴ ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት አይደል? ይድገሙልኝ እንዳልል ደግሞ አባየ አንዴ ያሉትን አይደግሙም፤ ቢቆጡና ጭራሹን ቢተዉትስ? ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመለስሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ "ምን አባቱ!" ብዬ አጠፋሁት። ሲበራ እንደ ጥይት ሆነ። ፋይሉም በራሱ ተመልሶ መጣ፤ ያበቃው ግን "ቤቱ ለሁለቱም እኩል" የሚለው ላይ ነው።

በፍላሽ ይዤው እዚያው ሰፈር ፕሪንት አስደርጌ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር በእሳቸው ተማምኜ ነበር፤ ሲነበብ መጉደሉን ይሰሙና በሰው ፊት ይሉታል ብዬ። አራቱ ምስክሮች ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው።

"በቃ?" አሉ አባየ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

"በቃ" አለ አንባቢው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ያን ቃል አወጣሽው" አሉ ቀስ ብለው።

"ኧረ አባየ፣ ማሽኑ ነው! እኔ..."

"ዕድሜ ልኬን ማሽን ስፈታ ኖሬያለሁ፣ ልጄ። ማሽን መርጦ አይጥልም።" ዱላቸውን ወደ ጎን አኖሩና "ግድ የለም፣ ይቅር አልልም ብትይ አልፈርድብሽም" አሉ።

የጣት አሻራውን ቀለም ከፈትሁ። አራት ሽማግሌ ወለሉን ያያል። አባየ አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። ስለማያዩ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙን የቀባሁት፣ ያ አንቀጽ ሊኖርበት በሚገባው ባዶ ቦታ ላይም ያሳረፍሁት እኔው ነኝ።