ለወንድሜ ያልሰጠሁት ኩላሊት

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው። ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ቧንቧው አንድ ነው፤ ጎረቤቱ ጀሪካን ሲደረድር ወንድሜ በራችን ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስቴ እጥበት ይሄዳል፤ የተፈቀደለት ውሃ በቀን ሁለት የሻይ ብርጭቆ ብቻ ነው። በርሜሉ ሲሞላ ዝም ብሎ ያዳምጣል። «ግባና ተኛ» ስለው «ተይኝ፣ ድምፁን እንኳ ልጠጣ» ይለኛል። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ኩላሊት የሚሰጠው ቅርብ ዘመድ መሆን አለበት አሉን። አባታችን በልጅነታችን አርፏል፤ ያለነው እኔና እማዬ ነን። እማዬ የስፌት መኪናዋን በራፍ ላይ አውጥታ የሰፈሩን ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ደምበል የገበያ ሕንፃ ውስጥ ጫማ እሸጣለሁ። ሁለታችንም ተመረመርን።

ውጤቱ ሲደርስ ዶክተሯ ለብቻዬ አስገባችኝ። ሰጪን ለብቻው ሳያነጋግሩ አይወስኑም።

«ውጤትሽ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። «እናትሽም ትሆናለች፤ ግን ዕድሜዋም አለ፣ ግፊቷም አንዳንዴ ከፍ ይላል። ካንቺ ቢሆን እንመርጣለን። ፈቃደኛ ነሽ? ያስገደደሽ ሰው የለም?»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አልፈልግም» ነው።

ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። የለኝም። ፈራሁ። ቢላውን ፈራሁ፣ ጠባሳውን ፈራሁ፣ ነገ እኔ ብታመም በአንድ ኩላሊት ምን ይውጠኛል ብዬ ፈራሁ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ችግር የለም። ለቤተሰብሽ ‹እሷ አትሆንም› ብለን ብቻ እንነግራቸዋለን» አለች። ወጥታም ነገረቻቸው።

እማዬ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። «አንጀትሽ እንደሰጠ እኔ አውቃለሁ። እግዜር ያላለውን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ልጄ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ያበጠ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ «በቃ ፈታ በይ። ያንቺ ኩላሊት ቢገባልኝ እኔም እንዳንቺ ነገረኛ መሆኔ ነበር» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ሳቅ ነው።

እማዬ ሰጠች። ወንድሜ ውሃ እንዲጠጣ፣ ያውም ብዙ እንዲጠጣ ታዘዘ። ጠርሙሱን እንደያዘ እስከ ባምቢስ በእግሩ ሄዶ ይመለስ ጀመር። ድምፁ ጎረነነ፣ በቁመት ከእኔ በለጠ፣ በጫማ ሻጭነቴ ያሾፍብኝ ጀመር። እማዬ ግን ስፌት መኪናዋ ላይ ብዙ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ጎኗን ደግፋ ትነሳለች። በተነሳች ቁጥር እኔ ወደ ሌላ አያለሁ። ለጠያቂው ሁሉ «ልጄማ ልትሰጥ ነበር፣ አልገጠመላትም እንጂ» ትላለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት መረቀኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። የከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶት ነበር፤ በዕቃ ማጓጓዙ ግርግር መሃል አዲሱ ኩላሊት እንዳይጣል የሚውጠውን መድኃኒት ይዘላል፣ ጠዋትና ማታ የሚጮኸውን የስልኩን ደወል ያጠፋዋል። ሰልችቶታል። እኛ ስናውቅ ኩላሊቱ መድከም ጀምሯል፤ ወደ እጥበት ሊመለስ እንደሚችል ተነገረን። ውሃውም እንደገና በብርጭቆ ሆነ።

እማዬ ሐኪሞቹን «ያቺን የቀረችኝን ኩላሊት ውሰዷት» አለቻቸው። ከልቧ ነው። ወደ እኔ ግን ማንም አላየም። እኔ አልሆንማ።

ለማንም ሳልነግር ወደዚያችው ዶክተር ሄድኩ። «አሁን እሰጣለሁ» አልኳት። አወቀችኝ፤ ያለፈውን ግን አላነሳችም። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ስኳር አለብሽ። አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንግዲህ አትሆኚም» አለችኝ። ድምፅዋ ደግ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ያንን ኩላሊት ለራሴ ጤና ብዬ ነበር ያስቀረሁት።

ስመለስ እግሬ ካዛንቺስ ወሰደኝ። ግቢያችን የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ቧንቧው የነበረው እዚህ ይሁን እዚያ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ሰውዬ በጎማ ሣሩን ያጠጣል። ውሃውን እየሰማሁ ቆምኩ። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ልጅ ከኋላዬ ያለ መሰለኝና አልዞርኩም። ሰውዬው ውሃውን ዘግቶ ሲሄድ፣ ዛሬ ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ታክሲ ያዝኩ።

እማዬና ወንድሜ ሶፋው ላይ ነበሩ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «እማዬ፣ እንደገና ተመርምሬ ነበር። አልሆንም አሉኝ» አልኩ። ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነበር። እሷ ግን ተነስታ እጄን ያዘች።

«ያኔ አትሆንም ተብሎ የለ እንዴ፤ ምን ያንከራትትሻል?» አለችኝ። «አንጀትሽ እንደሰጠ እኔ አውቃለሁ፣ ልጄ።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ፣ እማዬ» ነው።

ወንድሜ ሲያየኝ ቆየ። የዕለት የውሃ ድርሻው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ግማሹን ጠጥቶ ለማታ ያቆየው ብርጭቆ። አንስቶ ዘረጋልኝ።

«እንኪ፣ ጠጪ» አለኝ። «ከንፈርሽ ደርቋል።»

ተቀብዬ ጠጣሁት።