ልጄ ያቀደችው ሁለተኛው ወጥ ቤት

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በራሴ ጥረት ነው። ልጄ አዲስ አበባ የንግድ ሥራ ኮሌጅ ገብታ ሥራ አመራር ማጥናት ስትጀምር ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ተምራ ትመለስና ቤቱን ትረከበኛለች።

አንድ ክረምት ለእረፍት መጥታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የጭነት መኪና ስታይ ዋለች።

“አባባ፣ ግማሾቹ ሾፌሮች ለምን እኛ ጋ አይቆሙም?”

“እስላሞች ናቸዋ! የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም። አልፈው ጀውሃ ከተማ ሄደው ይበላሉ።”

“እኛ ለምን አናበላቸውም?”

“ኮሌጅ የላክሁሽ ለዚህ ነው?”

“ለዚህ ነው እንጂ! ስትራቴጂ የሚሉን እኮ ሌላ አይደለም፤ ማንን እንደሚያስተናግዱ አስበው ይምረጡ ነው። እርስዎ ሳያስቡት ግማሹን መንገደኛ ለጀውሃ መርቀዋል።”

ዕቅዷን ነገረችኝ። ጓሮ ሌላ ወጥ ቤት ይሠራል፤ ቢላው፣ ድስቱ፣ ትሪው ለብቻ። ሙስሊም ወጥ ሠሪ ትቀጠራለች፣ ባሏ ያርዳል። ረቡዕና ዓርብ እኛ ስንጾም የእነሱ ምድጃ ይሠራል፤ በረመዳን ቀኑን የእኛ። የሰንበቴ ማኅበርተኞቼን ሐሜት ፈርቼ ስነጫነጭ ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ ግን ሠራሁት።

“አንድ ነገር ቀርቷል” አለችኝ ልትሄድ ስትል። “እኔ ባልመለስስ? ቤቱን ማን ይመራዋል?”

“ትመለሻለሽ” ብዬ ወሬውን ዘጋሁት።

እኔ ያየሁት የአንጥረኛና የሸማኔ ልጅ ነው፤ ሙያ ይማራል፣ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ከኮሌጅ የወጣ ሰው ዕጣ አውጥቶ መንግሥት ወደመደበው እንደሚሄድ አላወቅሁም። የእሷ ዕጣ ባሌ ክፍለ ሀገር፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ወጣ። ባትማር ኖሮ አጠገቤ ትሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ባትማር ደግሞ ሁለተኛው ወጥ ቤት አይኖርም ነበር። ዛሬ ልጁን ስለማስተማር የሚያማክረኝን አባት፣ “አስተምር፣ ግን ለራስህ አታስተምር” እለዋለሁ። እኔ ለራሴ ነበር ያስተማርኩት።

መኪኖቹ መቆም ጀመሩ። ወጥ ሠሪዋ፣ “ጋሼ፣ ልጅዎ መጥታ ባየችው!” ትለኝ ነበር።

“ትመጣለች።”

“ኢንሻ አላህ።”

ልጄ በዓመት ፈቃዷ መጣች። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ከሾፌሮች መሐል ተጣብባ ተቀመጠች። ምግቧን እኔው አቀረብኩላት። በልታ ስትጨርስ፣ “ሒሳብ ስንት ነው፣ ጋሼ?” ብላ ቀለደችብኝ።

“ከእንግዳ አንቀበልም” አልኩ እኔም ለጨዋታ።

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ “እንግዳ?” አለችኝ። ትሪውን አንስቼ ወደ ጓሮ ገባሁ።