ሞላልኝ የቆረጣት ስምንት ደቂቃ

ሞላልኝን የሚያውቁት ሁሉ በሕግ አክባሪነቱ ነው የሚያውቁት። የሚኖረው ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ዩለስ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ ነው፤ ሥራውም እዚያው ሻንጣ መጫን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ አንድ ሻንጣ ወርውሮ አያውቅም። መኪና ፓርክ ሲያደርግ እንኳ ወርዶ ነጩን መስመር ያያል፤ ጎማው የነካ ከመሰለው ተመልሶ ገብቶ ያስተካክላል። ሚስቱ ስርጉት፣ «አንተን ሲፈጥርህ ማስመሪያ ይዞ ነበር» እያለች ትስቅበታለች።

ይህ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ካሜራ ወደደ። ታዲዮስ የሚባል የጭነት መኪና ነጂ ወዳጅ አለው፤ አፈ ፈጣን፣ አደን የሚወድ። ታዲዮስ ያድናል፣ ሞላልኝ ይቀርጻል፤ ቪዲዮውን በአማርኛ አዘጋጅቶ ፖስት ያደርገዋል። የሚሄዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የሕዝብ መሬት ነው። የሕዝብ መሬት ማለት ታዲያ ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። የአደን ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የሚገባበት፣ ጠባቂ ያለው ዱር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሞላልኝ የካሜራውን ማቆሚያ መንገድ መሃል ተክሎ ሳለ የዱሩ ጠባቂ መጣችበት። አልተቆጣችም። «እዚህ ዱር ውስጥ ለራሳችሁ መቅረጽ ትችላላችሁ» አለችው። «መንገድ አትዝጉ፣ ሌላውን ሰው አትረብሹ፣ ሳይፈቅድ አትቅረጹት። ድሮን ደግሞ ጭራሽ አይቻልም።» ሞላልኝ ቃሏን አንድ በአንድ ጽፎ በካሜራው ቦርሳ ውስጥ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ ቦርሳውን በከፈተ ቁጥር ያነበዋል፤ ልክ እንደ ውዳሴ ማርያም።

ከተመልካቾቻቸው አንዷ እትዬ አባይነሽ ናቸው። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ይኖራሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ለማኅበራቸው ሴቶች እንደ እናት ናቸው። ሞላልኝ አዲስ መጥቶ ሥራ ሳይኖረው አራት ወር ያበሉት እሳቸው ናቸው። ታዲዮስ ያደነውን ሥጋ ለእሳቸው ይሰጣል። እሳቸው ግን ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ያልተባረከ ሥጋ አይቀምሱም። ሳይባረክ የሞተ ለእሳቸው ጥንብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቪዲዮውን ያያሉ፣ ከዚያ ነው ድስት የሚጥዱት።

አምና ደወሉለት።

«ሞላዬ፣ ቢላዋውን አይቻለሁ። በስመ አብ ሲባል ግን አልሰማሁም።»

«ንፋስ ነበር እትዬ። ድምፁን ወሰደው።»

«ይሁና። ንፋሱን ባምነውም አፉ ሲንቀሳቀስ አላየሁማ፣ ልጄ።»

ሥጋውን በነጋታው መለሱት። ታዲዮስ አንድ ሳምንት ሙሉ «የዳላስ ምስክር አጣሪ» ሲላቸው ከረመ። ሞላልኝ ግን አፈረ፤ ደረት ላይ የሚሰካ ድምፅ መቅጃም ገዛ።

ዘንድሮ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታዲዮስ አንድ ወንድ አጋዘን መታ። ጥይቱ ወገቡን አገኘው፤ እግሩ ከዳው እንጂ አልሞተም። ከእግር መንገዱ ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይተነፍሳል። ታዲዮስ ቢላዋውን መዝዞ ሮጠ።

«ቆይ!» አለ ሞላልኝ። «ሳልዘጋጅ እንዳትነካው! ዘንድሮም ይመልሱታል!»

«ፍጠን በላ፣ ዳይሬክተሩ! ሰርግ መሰለህ እንዴ?»

ሞላልኝ ድምፅ መቅጃውን ታዲዮስ ደረት ላይ ሰካ፤ ካሜራውን ከመንገዱ ውጪ አቁሞ ከፈተ። ልክ «ጀምር» ሊል ሲል ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ውሻ እየሳቡ በመንገዱ መጡ። ከአጋዘኑ ኋላ፣ ከምስሉ መሃል ነው የሚገቡት። ሕጉ ትዝ አለው፤ እነሱ እንዳይገቡበት ካሜራውን ሳያጠፋ ወደ አጋዘኑ ፊት ዝቅ አደረገው።

«አንድ ጊዜ፣ ሰዎቹ ይለፉ።»

«እየሞተ ነው እኮ!»

«ሕጉ ነው፣ ታዲዮስ። አንድ ደቂቃ።»

ሰዎቹ ግን ወግ ወዳዶች ነበሩ። ከየት እንደመጡ ጠየቁ፤ ስለ አየሩ አወሩ፤ ውሻው ገመዱን ከእግሩ ጋር አጠላልፎ እስኪፈታ ቆሙ። ሞላልኝ በትሕትና መለሰላቸው። ሲሄዱ ፊቱን አዞረ። ታዲዮስ ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየው።

«ሞቷል።»

«አልሞተም። ሰውነቱ ይሞቃል።»

«ሙቀትና ነፍስ አንድ ነው እንዴ፣ ሞላልኝ?»

ሞላልኝ ካሜራውን ቀና አደረገ። «አንተ ብቻ በለው» አለ።

ታዲዮስ በስመ አብ ብሎ ቢላዋውን አሳረፈ። ደሙ ፈሰሰ። ድምፁ ዘንድሮ ጥርት ብሎ ተቀዳ።

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ያቺው ጠባቂ አገኘቻቸው። ፈቃዱን አየች፤ ካሜራው ከመንገድ ውጪ ቆሞ እንደነበረ ባልና ሚስቱ ነግረዋታል። «እንዳንተ ሕግ የሚያከብር ብዙ አላየሁም» አለችው። ምስጋናዋ ምሳ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ጥርሱ ላይ ቀረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቪዲዮውን ኤዲት አደረገ። መሃሉ ስምንት ደቂቃ ነው። ቆርጦ አወጣውና የአጋዘኑን ትንፋሽ ከታዲዮስ ቢላዋ ጋር ሰፋው። ስፌቱ አይታይም።

እትዬ አባይነሽ በማግሥቱ ደወሉ። «ዘንድሮስ አየሁ! ዓይኑ ሲርገበገብ ሁሉ አይቻለሁ። እጅህ ይባረክ። ለገና ማኅበሩን የማበላው በዚህ ነው።» ሥጋው ፍሪዘራቸው ውስጥ ገባ።

ጾሙም ገባ። ሞላልኝ ከሥጋው ቢጾምም ከሐሳቡ መጾም አልቻለም። ሥራ ላይ ከሻንጣዎቹ መሃል የውሻ ሳጥን ሲመጣ፣ በቀዳዳው እርጥብ አፍንጫ ሲተነፍስበት ሳጥኑን ለባልደረባው ያቀብላል። ስርጉት «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ወገቤን» ይላል። ካለ በኋላ ደግሞ ወገብ የተመታው ማን እንደሆነ ትዝ ይለዋል።

ታዲዮስን ደውሎ አማከረው።

«ዝም በል» አለው ታዲዮስ። «ሳያውቁ ቢበሉ ኃጢአቱ የኛ ነው።»

«እኔስ እሱን አይደል የምልህ?»

«ሶ ምን ልታደርግ ነው? ከተናገርክ ከእንግዲህ ማን ያምነናል? ቪዲዮው አለቀለት።»

ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞላልኝ ከሺፍቱ ወጥቶ ወደ ሌክ ሃይላንድስ ነዳ። እትዬ አባይነሽ ሥጋውን ለየማኅበርተኛው ደልድለው፣ በየጥቅሉ ላይ ስም ጽፈው ጨርሰዋል። ሞላልኝ አልተቀመጠም። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እያየ ነገራቸው።



«የቆረጥከው አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«አሳየኝ።»

ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። አጋዘኑ ሙሉ ፊቱ ታየ። ካሜራውን ከተወው ጀምሮ ሞላልኝ ራሱም አላየውም ነበር፤ የቆረጠው ሳያይ ነው። በመሃል የእንግሊዝኛ ጨዋታ ተሰማ፤ ስለ ውሻው አንድ ነገር ተባለና ሳቅ መጣ። የራሱ ሳቅ ነው። መሳቁን አያስታውስም። አጋዘኑ ጆሮውን ወደ ሳቁ አዞረ። ከዚያ ሌላ ሦስት ደቂቃ ተነፈሰ።

ሞላልኝ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ፣ «ተው፣ ይለቅ» አሉት። አለቀ።

«ይሄ ሁሉ እኔ እንዳይ ነው?» አሉ እትዬ አባይነሽ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት።»

«አላየሁም ብዬ ሥጋ የመለስኩትስ? ቢላዋውን የያዘው የኔ ዓይን ነው።»

«ኧረ በማርያም፣ እንደሱ አይበሉ—»

«ዝም በል! የኔን አትውሰድብኝ። እኔ የኔን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ አንተም የራስህን ይዘህ ሂድ።»

ሞላልኝ ተቆጥተው እንዲያባርሩት ነበር የመጣው። ቁጣ ቢሆን ይችለው ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ፍሪዘሩን ከፈቱለት።

«ሁሉንም አውጣ። እኛ ባንበላው የሚበሉ አሉ፤ ከሥራ ጓደኞችህ ለሚፈልጉት ስጥ፣ እንዴት እንደሞተም ሳትደብቅ። ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥለው ብቻ። ሁለቴ አይሞትም።»

«ቪዲዮውንስ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ሕግ አዋቂው አንተ አይደለህ?»

ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መኪናው ውስጥ ጫነው። ሲመጣ መስመሩን ሳያይ ነው ያቆመው፤ ጎማው ነጩን ቀለም ረግጧል። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አጠፋው፤ በቦታውም፣ «ሳይባረክ ሞቶ ነበር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ሞላልኝ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ታዲዮስ ደወለ። አላነሣውም፤ ለእሱ በአካል ሄዶ ነው የሚነግረው።

የመጨረሻው ጥቅል ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ምርጡ፣ የጀርባው ሥጋ ነው። ሊያስቀምጠው ሲል ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን አየ። እትዬ አባይነሽ በወፍራም ፊደል፣ «ለሞላዬ፤ ብዙ ደክሟል» ብለው ጽፈውበታል።

ቅዝቃዜው መዳፉን እስኪያደነዝዘው ድረስ ይዞት ቆመ።