የመምህሩ እሬት

ጎረቤቴ ያመጣችልኝን ተክል መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ጫፉ ተቀነጠበና ነጭ ወተት ጣቴ ላይ ጠብ አለ። ሽታው እንደ ጥሬ ባቄላ ነው። ሮጬ እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ። ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሳችውና፣ «ስልኩ ሦስት ስም ሰጠኝ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም ይላል» አለችኝ። ስልኩ ከኔ ይሻላል፣ አልኩ በሆዴ።

ያደግኩት ብርዳሙ ደጋ ላይ፣ ዘመሮ ነው። ጓዳችንን የተከራየ አንድ መምህር ነበር፤ ከሩቅ አገር በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ያመጣውን ወፍራም፣ ሦስት ጎን፣ እሾሃም ነገር ሲዛወር ትቶልን ሄደ። ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ያኔ ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ነበር፤ በቤታችን ደብዳቤ የማነበው እኔ፣ የመድኃኒት ወረቀት የማነበው እኔ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሉኝ ጊዜ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የዚያን ክረምት እናቴ ነፍሰ ጡር ሆነች። ታናሽ ወንድሜ ግን ሁለት ዓመት አልፎትም ጡት አልተውም አለ። ሲከለክሉት ይነክሳል፣ ግትር! በኛ አገር ጡት የሚያስጥሉት እሬት ቀብተው ነው፤ ልጁ አንዴ ከመረረው አይመለስም። እሬት ደግሞ ብርዳችንን አይችልም። ከቆላ ደርቆ፣ ጥቁር ሙጫ መስሎ ነበር ገበያ የሚመጣልን። ለምለሙን ተክል ከቤታችን ያየው የለም። ያን ሰሞን ዝናቡ መንገዱን ሰብሮት ሻጯ ቀረች።

እናቴ ቆርቆሮውን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ «አንቺ፣ ይሄ የመምህሩ ነገር እሬት ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

አላውቅም ብል ምን ነበረበት!

«አዎ እማዬ፣ እሬት ነው። መምህሩ ነግሮኛል» አልኳት። መምህሩ ምንም አልነገረኝም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

«ተባረኪ! መማር እንዲህ ነው» ብላ በቢላዋ ቆረጠችው። ወተቱ ተንዠቀዠቀ። ልቤን ፍርሃት ፍርሃት አለው፤ የገበያው ጥቁር ነው፣ ይሄ ለምን ነጣ? ሲደርቅ ይጠቁር ይሆናላ፣ ብዬ ለራሴው መለስኩ። ውጭ ጉሙ እስከ ደጃፋችን ወርዶ፣ በጎቹ ሲያስሉ ይሰማል እንጂ አይታዩም ነበር። እናቴ ጡቷን ቀብታ ጠራችው፤ ወንድሜ እየሳቀ መጣ።

እናቴ «ኧረ አቃጠለኝ!» ስትል እሱ ጡቷን በሁለት እጁ ይዞት ነበር። ፊቱን አጨማዶ ገፋትና በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎረቤታችን እማሆይ ሰምተው ገቡ፤ የቆላ ሰው ናቸው፤ ቆርቆሮውን ሲያዩ ክው አሉ።

«ምነው ልጄ! የእሬት ውሃ ቢጫ ነው እኮ! ይሄ የቁልቋል ዘመድ ነው፣ ዓይን ያጠፋል! ማነው እሬት ነው ያለሽ?»

«መምህሩ ነዋ!» አለች እናቴ እያለቀሰች።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

በውሃ አጠብነው፣ ጠበል ረጨነው። መንገዱ ተከፍቶ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ግራ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን መምህር ስትረግም ኖረች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ «እግዚአብሔር ይይልኝ» ባለች ቁጥር አሜን ስል ኖርኩ።

እሁድ ዕለት ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣ። እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በደኅናው ዓይኑ መስኮቱን አየና እጁን ወደ ተክሉ ሰደደ።

«አትንካው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ምነው እታለም? ምንድን ነው እሱ?»

«አላውቅም።»

ሳቀብኝ። «አንቺ አላውቅም ስትዪ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና ትከሻዬን አቀፈኝ። «ያ መምህር ይቺን ቃል ያኔ ቢላት ኖሮ...»

እኔም እንደ ድሮዬ ዝም አልኩ።