በአሥራ አምስት ሳንቲ ያጠረ ብረት

የቀለሜ ስም ሲነሳ በያጁ ደሙ ይፈላል። ይፍላ! እኔም ብሆን ይፈላብኛል።

ሁለቱ ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተምረዋል። «ቀለሜ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ክፍሉ ነው፤ ቀለሜ መጽሐፍ ቃል በቃል ይሸመድዳል። ስዕል ላይ ግን እጁ አይታዘዝለትም፤ የቤት ሥራውን የሚስልለት በያጁ ነበር። ከዚያ የበያጁ አባት ሞተ። ታናናሾቹን ማን ያብላ? አጎቱ እጁን ይዞ ብየዳ ቤት አስገባው። ቀለሜ ቀጠለ፣ መሐንዲስ ሆነ። ይሁንለት! በያጁ እንዲያውም «ጓደኛዬ እኮ ኢንጂነር ነው» እያለ ጉራውን ይነዛ ነበር።

ዘንድሮ አንድ የትምህርት ቤት ግንባታ ላይ ተገናኙ። ቀለሜ ተቆጣጣሪ ነው፤ በያጁ የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ መደገፊያ ብረት ይሠራል። ፕላኑ «ከወለል አንድ ሜትር» ይላል። ቀለሜ ከባዶው ኮንክሪት ለክቶ ምልክት አደረገ፤ በያጁም እንደታዘዘው በየደ። ሥራው ካለቀ በኋላ ንጣፍ ሠራተኞቹ ጥግ ላይ ጀመሩ። አሸዋው፣ ሊሾው፣ ሴራሚኩ ሲደራረብ ወለሉ አሥራ አምስት ሳንቲ ከፍ አለ፤ ብረቱ በዚያው ልክ አጠረ። በያጁ ክው አለ። የገዛ ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ ትምህርት ትጀምራለች፤ እንደሷ መንጠላጠል የሚወድ ፍጥረት ደግሞ የለም።

ሮጦ ቀለሜ ጋ ሄደ። «ወንድሜ፣ ከባዶ ኮንክሪት ነው እኮ የለካነው። ብረቱ መቀጠል አለበት።»

«አንተ ብየዳህን በይድ! ማን አስብ አለህ?» አለው ቀለሜ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

አይ ሰው! በያጁ ቱግ አለ። የቀለሜን ክንድ ጨምድዶ ወስዶ ንጣፉ ላይ አቆመው። ብረቱ ከቀለሜ ወገብ በታች ቀረ። ቀለሜ ቁልቁል ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስማኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስህተቱ የኔ፣ የተቆጣጣሪው ነው ካልኩ ጉዳዩ ቢሮ ሄዶ እስኪጣራ ወራት ይፈጃል። ልጆቹ በዚሁ ብረት ይገባሉ። ያንተ ነው ከተባለ ግን አሠሪህ አዝዞህ ዛሬውኑ ይስተካከላል።»

«አታፍርም?»

«አፍራለሁ። ግን እውነቴን ነው።»

እውነቱን ነበር፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው!

አሠሪው መጣ። «ማነው ያጠፋው?»

ቀለሜ ጫማውን ያያል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሥራው ነቀፌታ ሰምቶ የማያውቀው በያጁ ጥርሱን ነክሶ «እኔ ነኝ» አለ።

«ዓይንህ የት ነበር? ይሄን አስተካክልና ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

አሠሪው ሲሄድ ቀለሜ ጠጋ ብሎ «ውለታህን…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በልና ብረቱን ያዝልኝ!» አለው በያጁ። «በሁለት እጅህ!»

መሐንዲሱ ከነነጭ ሸሚዙ ተንበርክኮ እስኪመሽ ያዘለት። በያጁ ግን ይቅር አላለውም። እስከ ዛሬም አላለውም።