አሥራ አንድ ብልቃጥ የሌሊት ወፍ

በሲያትል ከሚኖረው ሐበሻ ሁሉ ስለ ሌሊት ወፍ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ስሙ በምስጋና የታተመ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው እሑድ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያ ሥር አንዲት ተንጠልጥላ ብናይ፣ ይህንኑ ለልጄ ፎከርኩላት።

«ኦኬ ዳድ፣ ምን አድርገህ?» አለችኝ።



ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጋሼ መኰንን በአንድ ኮሌጅ የእንስሳት ናሙና ክፍሎች ቁልፍ ያዥ ነበሩና ለጽዳትና ዕቃ ለማስተካከል አስቀጠሩኝ። ሰናይት የምትባል ተማሪም ነበረች። ማንግሮቭ በሚባለው፣ ሥሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ በሚቆመው ደን ስንት ዓይነት የሌሊት ወፍ እንደሚኖር ታጠናለች። መቶ ዓመት ያህል ጭቃ ውስጥ ከርማ አሥራ አንድ ዓይነት በአልኮል ብልቃጥ ይዛ ተመልሳለች፦ ዓሣ በጥፍሩ የሚያጠምድ፣ አፍንጫው ላይ ቅጠል የበቀለበት፣ ምላሱ ከሬኒየር ጎዳና የሚረዝም የአበባ ማር ላሽ።

ያን ዝናባም ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ብልቃጦቹን ይዛ ፈታኞቿ ፊት መቅረብ ነበረባት። ሰባት ሰዓት ላይ የጃፓን ዶሮ ጥብሴን፣ ቴሪያኪዬን፣ ልጎርስ ስል ከንፈሯ ደርቆ ገባች።

«ጋሼ፣ የሌሊት ወፎቼ የሉም! ሼልፉ ባዶ ነው!»

የት እንዳሉ አውቃለሁ። ዓርብ ዕለት ከአይጦች ጎን ተደርድረው አግኝቻቸው፣ «ይህን ያህል የተማረ ሰው እንዴት ወፍን ከአይጥ ጋር ያስቀምጣል?» ብዬ ታዝቤ፣ ለጽዳት ተከፍቶልኝ ወደነበረው የወፎች ክፍል ወስጄ ከጉጉቱ አጠገብ አሳምሬ ደርድሬአቸዋለሁ። እንዲያውም ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ጡት አጥቢ እንስሳ ከጡት አጥቢዎች ክፍል ወዴት ይሄዳል ልጄ?»

ጡት አጥቢ! የከፈትኩትን አፍ በቴሪያኪው ሞላሁት። 

«አንተስ አላየህም?» አለችኝ ሰናይት።

«እኔ? ኧረ በፍጹም!»

ሰባት ተኩል ሆነ። መሳቢያ ሁሉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሰናይት እያለቀሰች መፈለጓን አላቆመችም፤ ጋሼ ቁልፎቻቸውን ይዘው ከመሳቢያ መሳቢያ ይሮጣሉ። እኔ ባዶ መሆኑን የማውቀውን ካርቶን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ዝም ብል የልጅቱ ድካም ገደል ሊገባ ነው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ እ... የወፎቹን ክፍል ይክፈቱልኝ እስቲ።»

«እዚያ ምን ሊሠራ ይገኛል?»

«ልሞክር ብዬ ነው።»

ገብቼ፣ ለወጉ ያህል ዳክዬዎቹን በረበርኩና «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፈተናውን አለፈች፤ ጥናቷም መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም መጀመሪያው ገጽ ላይ ብልቃጦቿን ያዳነላትን «ወንድሟን»፣ እኔን፣ በስሜ ጠርታ አመስግናለች።

ልጄ ይኸው አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል፤ አልነገርኳቸውም። ያን ቀን፣ «እርጅና ነው ልጄ፣ ሳላውቀው እኔው አስቀምጬው ይሆናል፤ ይቅር በይኝ» ብለው ሰናይትን ሲለምኑ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ያጋጥማል» አልኳቸው።