ጉርሻ ቆጣሪዋ

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት፣ ወንድሜ አሰብ ደርሶ ከተመለሰ የጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩም አፉም ደህና ነበሩ፤ የከዳው ልቦናው ነው። አሁን ያደረገውን አሁን ይረሳል። ደስ ያለችውን ልጅ ደግሞ ሰው ፊት "ደስ ትይኛለሽ" ይላታል፣ ደጋግሞ። ሐኪሙ ቤት ተዘግቶበት እንዳይውል፣ ከሰው እንዲቀላቀል መከረን። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች፣ የተመከርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አራት ዓመት ጥላው ሆንኩ። አቃቂ ካለው ፋብሪካ ሥራዬን ለቀቅኩ። ሊያገባኝ ያሰበ አንድ ሰው ነበር፤ በተገናኘን ቁጥር ሦስት መሆናችን ሰለቸውና ቀረ። አልፈረድኩበትም። እኔም ሰልችቶኝ ነበር፤ እሱ ግን መሄጃ ነበረው።

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት፣ ለጠያቂዎች ሳሙናና ስኳር በሚሸጥ የአጎቷ ሱቅ ውስጥ አንዲት የጉራጌ ልጅ ትሠራለች። ወንድሜ የለመደውን ሲላት አልሳቀችበትም፣ አልተቆጣችውም። በማግስቱ ሲደግምላት፣ ትናንትም ነግረኸኛል፣ ዛሬም ደስ ይላል አለችው። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ በኀፍረት አለቅኩ። ከዚያ በኋላ ያንን ሱቅ ሳንሳለም የዋልንበት ቀን የለም፤ በመጨረሻም ለእሁድ ምሳ ተቀጣጠርን።

እንቅልፍ የነሳኝ ጉርሻው ነበር። ወንድሜ ማጉረስ ይወዳል፤ ማጉረሱን ግን ይረሳል። አንዴ አክስታችንን፣ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባት፣ እንባዋ እስኪመጣ አጉርሷታል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን፤ ጎኑ እቀመጥና ሦስት ሲሞላ እግሩን እረግጠዋለሁ፣ እሱም ያቆማል። ዘዴው ሠርቶልን ኖሯል።

እሁድ ከሱቁ አጠገብ ባለችው ምግብ ቤት ሽሮው መጣ። የመጀመሪያዋን ጠቅልሎ አጎረሳት። እኔ በጭንቀት እግሬን ሳነሳ ሳስቀምጥ፣ ሳላስበው ጫማዬ ጫማው ላይ አረፈ። እጁን ሰበሰበ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ልጅቷ ሁለተኛውን ጠበቀች። እሱ ያየው እኔን ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያየው እኔን ነው። ድገማት እንጂ አልኩት።

"ሦስት ሆኗል" አለኝ። "ረገጥሽኝ እኮ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"እትዬ፣ እግርሽን አንሺለት" አለችኝ። "ከበዛብኝ በቃኝ እለዋለሁ። አፍ አለኝ።"

ደሜ ፈላ። የአንድ እሁድ እንግዳ እኔን ልታስተምረኝ? ነገ ቢሰለቻት ማን ሊያነሳው ነው? ይህን ሁሉ ዋጥኩና፣ የምገዛው አለ ብዬ ወጣሁ። የምገዛው አልነበረም። ስንቅ ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች ወደ ማረሚያ ቤቱ በር በሚያልፉበት ጥግ ቆሜ በመስኮቱ አየኋቸው።

ሁለተኛውን አጎረሳት። ሦስተኛውን ሲያጎርሳት እግሬ ብቻውን መሬቱን ረገጠ። አራት። አምስት። ስድስተኛው ላይ እጁን ያዘችና አንድ ነገር አለችው፤ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰችለት። ሳቀ። የኔ ወንበር ባዶ መሆኑን ዞር ብሎም አላየ።

ለዚህች ቀን ስንት ሻማ ተስያለሁ። አሁን ደርሳ ሳያት ፈራሁ። ወደ ውስጥ መመለስ አልችልም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የምሄድበት አንድም ቤት አልመጣልኝም።

ወደ ሳሪስ የሚሄድ ታክሲ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስንት ሰው ናችሁ አለኝ።

"ሁለት ነን" አልኩት።

ሁለተኛውን ሰው ፍለጋ ከኋላዬ አየ። እኔም ዞሬ አየሁ።